ከአሞራ ገደል ዓሣ እስከ ጉዱማሌ ቡርሳሜ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሚዛን ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የሚደርስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣውን ሆቴል ያስቀምጣል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ በማግስቱ ምሳ ላይ ዓሣ በልቶ ይመለሳል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ባለፈው ጉዞዬ ግን አራት ሙሉ ቀን ስለነበረኝ ሰፈሩን በየሰዓቱ ለማየት ዕድል አገኘሁ፤ የደረስኩበትም ድምዳሜ የሐይቁ ዳር ጥሩ ጥሩው ነገር የሚሸጠው በጠዋት መሆኑና እንደኛ ያለው የከሰዓት እንግዳ ከዋናው ገበያ የተረፈውን በዋናው ገበያ ዋጋ እየገዛ መኖሩ ነው። ይህ ግምገማ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው።

ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው አቀማመጡን ማስረዳት አይከብድም። ከቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል አደባባይ የሚነሣው ሰፊ ጎዳና በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይወስዳል፤ መድረሻውም ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ዳርቻውን ይዞ በእግር የሚሄድ ሰው ውኃውን ከከተማው በሚለየው የአፈር ግድብ ላይ እየተራመደ ወደ አሞራ ገደል ይደርሳል። ግድቡ ለሽርሽር የተሠራ ቢመስልም አመጣጡ ሌላ ነው፤ ሐይቁ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚያስወጣው ወንዝ ስለሌለው በሞላ ጊዜ ወደ ከተማዋ የሚገፋውን ውኃ ለመከላከል ነው የተሠራው። አሁን ግን የከተማዋ ምርጥ የእግር መንገድ ሆኗል፤ ግራና ቀኙም በትንንሽ ንግድ የተሞላ ነው። ባጃጅ በየደቂቃው ቢገኝም መንገዱን በእግር መሄድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በባጃጅ ያለፈ ሰው ከዛፍ ሥር ጀበና ጥደው የተቀመጡትን ሴቶችም ሆነ ከበላያቸው የሚዘሉትን ጉሬዛዎች ሳያይ ያልፋል።

አሞራ ገደል መድረስ የሚገባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ዘርግተው ሌሊቱን ያሳድሩታል፤ ጎህ ሲቀድ ያወጡታል፤ ጀልባዎቹም ተከታትለው ወደ ዳር ይመጣሉ። ከመረቡ በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ሌሎችም አብረው ይገኛሉ። ዓሣው ገና ከጀልባው ሳይወርድ ነጋዴዎች ይከቡታል፤ ዋጋውም በዓይን ግምትና በጥቂት ቃላት ይቆረጣል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወጣቶች በረድፍ ተቀምጠው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆዱን ይከፍታሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። የእጃቸው ፍጥነት ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነገር ነው፤ አንዱ ልጅ ሦስት ዓሣ ለማውጣት የወሰደበት ጊዜ እኔ ቤቴ አንዱን ለመጀመር ከሚወስድብኝ ያነሰ ነበር። የሚጣለውን ሁሉ አባ ኮዳዎች ይቀበላሉ። እነዚህ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው በሰዎች መካከል ይቆማሉ፤ አንጀት በተወረወረ ጊዜ ግን ሽምግልናቸውን ወዲያው ይረሱታል።

ምግቡን በተመለከተ ከሁሉ በላይ ቦታ የምሰጠው ለሾርባው ነው። ሾርባው ከዓሣው ጭንቅላትና አጥንት የሚሠራ፣ ቃሪያ የበዛበት፣ በትኩሱ የሚቀርብ ነው፤ ከሐይቁ ላይ የሚመጣው የጠዋት ብርድ ገና ባልለቀቀበት ሰዓት ቆሞ ሲጠጡት የሚሰጠውን ስሜት ምሳ ላይ በጠረጴዛ ዙሪያ ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛው ጥብሱ ነው። ዓሣው ሙሉውን ሳይነጣጠል ከጎን ወደ ጎን በቢላ ይተለተላል፤ ይህም ዘይቱ እስከ አጥንቱ ድረስ እንዲዘልቅና የበሰለውን በጣት አንድ አንድ ትልትል እየነቀሉ ለመብላት እንዲመች ነው። ከጎኑ ዳጣ ይቀርባል፤ አረንጓዴ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠል ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። እዚያ የቀመስኩት ዳጣ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በዚሁ ስም ከሚቀርበው ይልቅ ቅጠሉ የጎላና እሳቱ የበረታ ነው። ጉላሹና ኮተሌቱ መጥፎ ባይሆኑም በማንኛውም ከተማ የሚገኙ ስለሆኑ ለእነርሱ ሲባል እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም።

ጥሬውን ዓሣ የሚበሉ ብዙ ናቸው። ወጣቶቹ ከአጥንቱ የለዩትን ሥጋ በትንንሹ ከትፈው በሚጥሚጣ ያቀርቡታል። አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ፤ ጣዕሙ ከጠበቅሁት በላይ ንጹሕና ለስላሳ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በጥሬው ሲበላ ጥገኛ ትሎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለማንም ሰው ብሉ ብዬ አልመክርም። ስለ አምባዛም አንድ ነገር ልበል፤ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በኦሪት ሕግ መሠረት የማይበሉት ብዙዎች ስለሆኑ ነጋዴዎቹ ለእንግዳ በቅድሚያ አያቀርቡትም። ለሚበላው ግን ሥጋው ወፍራም ነው፤ አጥንቱም አያስቸግርም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ፣ በእነዚህ ቀናት የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ እንዲገኝ ብቻ እመክራለሁ።

በሁለተኛው ቀን የራሴን ዓሣ መርጬ ለማስጠበስ ሞከርኩ። ዓይኑ የጠራ፣ ጉሮሮው ሥር ያለው ስንጥቅ ሲገለጥ ቀይ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ዓሣ እንደሚመረጥ የማውቅ መስሎኝ ሁለት ቆንጆ ቆሮሶ አነሣሁ፤ መጥበሻው ላይ የቆመችው ወጣት ግን አንዷን ከእጄ ወስዳ መለሰችና «ጋሼ፣ ይቺን ይተዉአት፤ ገና ልጅ ናት» አለችኝ። መጀመሪያ ትልቁን ልትሸጥልኝ የፈለገች መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ዙሪያዬን ስመለከት ግን ነገሩ ገባኝ። በየመደቡ ከተዘረጋው ዓሣ ብዙው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነው። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደችውን ዓሣ ስለሚያወጣ የነገው እየተበላ ነው ማለት ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ላይ ያለው የማስገር ጫናም ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲነገር የቆየ ጉዳይ ነው። ገዢው ትንሹን እንቢ ካለ አጥማጁም መረቡን እንደሚያስብበት አምናለሁ፤ ስለዚህ ከዋጋ ክርክር በፊት ስለ መጠን መከራከር ይሻላል።

ቅሬታዎችም አሉኝ። የመጥበሻ ዘይት ቀኑን ሙሉ ሳይቀየር ይውላል፤ ጠዋት ወርቅ የነበረው ዘይት ወደ 7 ሰዓት ገደማ እንደ ቡና ይጠቁራል፤ ይህም በጠዋት ኑ የምልበት ሌላው ምክንያት ነው። እጅ መታጠቢያ ቢኖርም ሳሙናውን ጠይቆ ማግኘት ያስፈልጋል። በዳርቻው የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ጠርሙስ ለእንዲህ ያለ ውብ ስፍራ ያሳፍራል። ሳይጠየቁ የሚከተሉና በመጨረሻ የአስጎብኚነት ክፍያ የሚጠይቁ ልጆችም አሉ፤ በትሕትና ግን ቁርጥ ባለ ቃል ከመጀመሪያው «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልገኝም» ማለት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከዳርቻው ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ላይ ተቀምጬ «ትልቁን ዓሣ» አዝዤ ነበር፤ የመጣልኝ ግን በጠዋት ተጠብሶ በድጋሚ ዘይት ውስጥ የገባ፣ ጠርዙ የደረቀ መካከለኛ ዓሣ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ የትልቁ ነበር። አስተናጋጁን ስጠይቀው ዓሣ ሲጠበስ ይሸማቀቃል አለኝ። ይህን ያህል ባይሸማቀቅ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጥሬውን ሳላይ አላዘዝኩም።

ጀልባ መከራየት ለሚፈልግ ሰው በሁለቱም ጫፎች ጀልባ አለ። ጉማሬ ለማየት የሚደረገው ጉዞ ደስ ይላል፤ የደኅንነት ጃኬት መኖሩን አረጋግጦ ዋጋውን ለሰው ይሁን ለጀልባው አስቀድሞ መነጋገር ግን ግዴታ ነው። መዋኘትን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፦ በሐይቁ ዳር አካባቢ ቢልሃርዚያ ስላለ ውኃው ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለም።

ፍቅር ሐይቅ የምሽት ሰፈር ነው፤ ጠዋት ሄዶ ባዶውን ያገኘ ሰው አይፍረድበት። ከ11 ሰዓት በኋላ የበቆሎ ጥብስ ጭስ ዳርቻውን ይሞላዋል፤ ሸንኮራ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ለውዝና ቆሎ በወረቀት ጥቅል ይዞራል፤ ሙሽሮችና ተመራቂዎች ከነፎቶ አንሺዎቻቸው ዛፍ ለዛፍ ይዘዋወራሉ። በቆሎው ላይ ዳጣ የሚቀባ አንድ ልጅ አግኝቼ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ እስኪዛመት ድረስ መጠበቅ ይከብደኛል። ከጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉት ጭማቂ ቤቶች በአቮካዶ ይኮራሉ፤ ሊኮሩም ይገባል፤ ሲዳማ የአቮካዶ አገር ነውና። ስፕሪስ ሲያዝዙ ስኳር እንዳይጨመር መናገር አይርሱ፤ ካልተናገሩ ከአቮካዶው፣ ከማንጎውና ከፓፓያው በላይ አራተኛ ንብርብር ሆኖ የሚመጣው ስኳር ነው። ሎሚው ግን በልግስና ይሰጣል።

ለስጦታ ዕቃ የሚሆኑ ሱቆች የሰፈሩ ደካማ ጎን ናቸው። አብዛኞቹ በአዲስ አበባ በየትኛውም ጎዳና የሚገኘውን ሻርፕ፣ የቁልፍ መያዣና ቲሸርት ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሐዋሳን ስም ማተም ብቻ ዕቃውን የሐዋሳ አያደርገውም። ከእነርሱ ይልቅ የቀርከሃ ሥራ የሚሸጡትን መፈለግ ይጠቅማል። ሌላው ሊገዛ የሚገባው ቡና ነው፤ ተፈጭቶ በሚያብረቀርቅ ከረጢት የታሸገውን ሳይሆን ጥሬውን። ጥሬ ቡና ሲገዙ እፍኝ ወስደው ነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑት፤ ፍሬው በመጠን የተቀራረበ፣ የተነቀዘና የጠቆረ ያልበዛበት ከሆነ ይውሰዱት። «ሲዳሞ» የሚለው ስም በዓለም ገበያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማስታወስ ያህል፣ ኢትዮጵያ ይህንን ስም ከይርጋ ጨፌና ከሐረር ጋር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። እዚያው ዛፍ ሥር በጀበና የሚፈላው ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ የጠጣሁባት እናት ዘንድ ሦስተኛ ቀን ስመለስ «ዛሬስ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የመጡት፤ መጀመሪያ ቂጣ ይያዙ» ብለው ሳልጠይቃቸው አቀረቡልኝ። ቂጣውን ሒሳብ ላይ አልጨመሩትም።

አሁን ወደ ቡርሳሜ ልምጣ። ይህ የሲዳማ ምግብ ከእንሰት የሚሠራ ነው። የእንሰቱ ግንድ ይፋቃል፤ የተፋቀው ይጨመቅና ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት እየቦካ ይቆያል። ዋሳ የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ዋሳ ውኃው ተጨምቆ፣ ጭረቱ ተለይቶና በወንፊት ተነፍቶ በምጣድ ይበስላል፤ ከዚያም በቅቤ ይታሻል፤ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋርም ይቀርባል። የዚህ ሁሉ ልፋት ባለቤቶች ሴቶች ናቸው። ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ የቀረበ ቡርሳሜ ስመለከት መጀመሪያ የታወሰኝ ጨጨብሳ ነበር፤ ከቀመስኩት በኋላ ግን ማወዳደሩን ተውኩት። የመቡካቱ ኮምጣጣነት ከቅቤው ጋር ተጋጭቶ የሚፈጥረው ጣዕም ራሱን የቻለ ነው። በከተማው የባህል ምግብ ቤቶች ቡርሳሜ ይገኛል፤ አንዳንዶቹ ግን ለእንግዳ ይከብዳል ብለው ቅቤውን ስለሚቀንሱት ደርቆ ይመጣል። ሲያዝዙ «እንደ ቤታችሁ» ይበሉ፤ ለእኔ ሠርቶልኛል።

ቡርሳሜን በቦታውና በጊዜው ለመብላት የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ከፊቼ ጨምበላላ ጋር ማገናኘት አለበት። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ይህ በዓል በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ ፊቼ የምትባል ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር፤ ያመጣችውንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር። በዓሉ ቋሚ ቀን የለውም፤ አያንቶ የሚባሉት የከዋክብትን አካሄድ የሚያነብቡ አዋቂዎች ቀኑን ወስነው ለየጎሳው ያሳውቃሉ። ስለዚህ የሆቴል ክፍል ከወራት በፊት መያዝ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። እኔ በበኩሌ ይህንን የምቆጥረው እንደ ጉድለት አይደለም፤ ሰማይ ታይቶ የሚታወጅ በዓል በኢንተርኔት ቀድሞ ባይያዝ ያምርበታል።

ከዚህ ቀደም በአንድ የፊቼ ዋዜማ በወዳጅ ቤት ተጋብዤ ነበር። ሲመሽ ቤተሰቡ ሁሉቃ በሚባለው ከእርጥብ ዕፅ በተሠራ ቅስት ሥር እያጎነበሰ አለፈ፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ማለት ነው። ከዚያም በአንድ ሻፌታ ዙሪያ ተቀምጠን በላን። በበዓሉ ከብት አይታረድም፣ ሥጋም አይበላም፤ ከብቶቹ እንዲያውም ለምለም ሣር ወዳለበት ይሰማራሉ። ለእኛ በዓልን ከቢላ ጋር አዛምደን ለምናስበው ሰዎች ይህ ለማመን ይቸግራል። በማግስቱ ሕፃናት ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ፤ ቡርሳሜም ይሰጣቸዋል። ሽማግሌዎችም ሥራን ስለ መውደድ፣ አገር በቀል ዛፍ ስላለመቁረጥና በሐሰት ስላለመመስከር ይመክራሉ። ዋናው ሕዝባዊ ክብረ በዓል የሚደረገው በሐይቁ አቅራቢያ በሚገኘው በጉዱማሌ ነው። የጎሳ መሪዎችና ወንዶች ጋሻና ጦር ይዘው የሚያዜሙት ቄጣላ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ተመልካች ሆኖ የሚሄድ ሰው የሚከፍለው ነገር የለም፤ ፀሐዩ ግን ከባድ ነው፤ ጥላም የሚገኘው ቀድሞ ለደረሰ ብቻ ነው። በሰልፉ መካከል ገብቶ ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅም የጨዋ ደንብ ነው።

ቁርጥ ያለ ቀን ለሚፈልግ ደግሞ ታኅሣሥ 19 አለ። የገብርኤል ንግሥ ከቁልቢ ቀጥሎ ሰው ከሩቅ የሚጎርፍበት አንዱ ሐዋሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ምእመን ብዛት ከተማዋን ያጨናንቃታል። በእነዚያ ቀናት የሐይቁ ዳር ሰፈር ነጭ ለብሶ ይውላል፤ የሻማና የጥላ ሻጮች እስከ ዳርቻው ይወርዳሉ፤ የክፍል ዋጋም እንዲሁ ይወጣል። በበዓሉ ላይ ያለኝ አስተያየት መልካም ነው፤ በጸጥታ ሐይቅ ለማየት የሚመጣ ሰው ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

በመጨረሻው ጠዋት ለቤተሰብ ዓሣ ይዤ ለመመለስ ወሰንኩ። ስድስት ቆሮሶ፣ ሁሉም ከመዳፌ የሚበልጡ፣ በአሞራ ገደል ተፈቅተውና ሥጋቸው ተለይቶ በፌስታል ተጠቀለሉልኝ። አገልግሎቱ ፈጣን ነው፤ ክፍያውም ተመጣጣኝ ነው፤ የጎደለው በረዶ ነው። እዚያው ዳርቻ በረዶ የሚሸጥ ባለማግኘቴ ሆቴሉን ለምኜ የቀዘቀዙ የውኃ ጠርሙሶችን በካርቶን ውስጥ ደረደርኩ። እንደኔ ሊሞክር ያሰበ ሰው በረዶ መያዣ ሣጥን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ዓሣው ለእራት በደኅና ደረሰ፤ ባለቤቴም መሰከረች። መኪናው ግን ሳምንቱን ሙሉ አሞራ ገደል አሞራ ገደል ሲሸት ሰነበተ።